የተደፈነው ባጃጅ

ዳምጤ አስረስን በቆቦና በዙሪያዋ የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ ጉድጓድ ይደፍናል። እኛ ማሽላችንን መሬት ውስጥ እንደምናኖር የሌላ አገር ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ምንም የሚገርም የለውም። አገሩ ቆላ ነው፤ ነቀዙ ብዙ ነው፤ ዝናቡም መቼ እንደሚቀር አይታወቅም። ስለዚህ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ግድግዳው አገዳ ይለብሳል፤ ደጋሊት ወይም ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ ይሞላበታል፤ ከዚያ አፉ ይደፈናል። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ አፉ ላይ ነው። ውሃ የገባበት ማሽላ ለከብት እንኳ አይሆንም። ዳምጤ የደፈነው ግን ክረምት ተደራርቦበት ሲከፈት እህሉ እንደገባ ይወጣል።

ጎረቤቱ ነኝ። አጥራችን አንድ ነው፤ በዚሁ አጥር የተነሳ ሽማግሌ ተቀምጦብን ያውቃል፤ ስለዚህ ላሞግሰው አልቸኩልም። ግን ጭቃና ጭድ በእግሩ ሲያቦካ ላየው ሰው ሌላ ነው። ሰው ሲያናግረው አይሰማም። ምርጊቱን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ጣቶቹን ጫን እያደረገ ሲዞር ሕፃን የሚያጥብ ይመስላል። ከጨረሰ በኋላ ቆም ብሎ ያየውና «አሁን ይተኛ» ይላል። ኩራቱ ሁሉ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጉድጓድ የሚደፍን ሰው የሰውን ጓዳ ያውቃል። የማን እህል የት እንዳለ ከባለቤቱ ሌላ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ላዩ ከብት ታስሮበት ሲታይ ተራ መሬት ነው። በጦርነቱ ወራት የታጠቁ ሰዎች እህል ሲያስሱ ዳምጤን ይዘው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ጉድጓድ የሚባል አላውቅም አለ፤ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላለም። ያን ዓመት ሰፈሩ የበላው ከዳምጤ ዝምታ ላይ ነው ብል አላጋነንሁም። ስለዚህ እኛ ዳምጤን የምናምነው በእጁ ብቻ ሳይሆን በአፉም ነው።

ረድኤት የወንድሙ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ስላረፈ እንደ አባት የምታየው ዳምጤን ነው። ሥራዋ ባጃጅ መንዳት ነው። መጀመሪያ የሰው ባጃጅ ይዛ ስትወጣ ገበያው ሳቀባት፤ ሴት መሪ ይዛ ወዴት ልታደርሰን ነው ተባለ። ኋላ ግን ምጥ የያዛት ሴት፣ እግሯ ያበጠ አሮጊት፣ ልጅ የታቀፈች ሁሉ ረድኤትን ጥሩልኝ ማለት ጀመረ፤ ጉድባውን ቀስ ብላ ታልፋለችና። ከብዙ ዓመት በኋላ የራሷን ሰማያዊ ባጃጅ ገዛች። ጎብዬ ደርሳ ስትመለስ፣ ዋጃ ደርሳ ስትመለስ፣ ቤት ሳትገባ በፊት በጨርቅ ትወለውላታለች። የእናቷ መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ፣ ጤፉ፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚያች ባጃጅ ነው።

ያን ዓመት መንገዱ ሲያሻው ይዘጋል፣ ሲያሻው ይከፈታል፤ ቤንዚን እንደ ፀበል በጠርሙስ ነው የሚገኘው። በሰኔ መጀመሪያ እናቷ ተናኜ በጠና ታመመች። መንገዱ የተከፈተ ጊዜ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ሊወስዷት ሆነ፤ እዚያ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጡ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ረድኤት ባጃጇን እየገፋች ዳምጤ ግቢ አስገባች። መንሱር ከኋላ ይገፋላት ነበር፤ መንሱር አስፋልቱ ዳር ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነው። ቁልፉን በሁለት እጇ ለዳምጤ ሰጠችው።

«አያ፣ ያለኝ ይቺው ናት» አለችው። «እንደ እህልዎ ያዙልኝ።»

እኔ አጥሩ ላይ ተደግፌ እሰማ ነበር። ደግ ቃል ነው፤ ማንም የሚለው ቃል ነው። ለሌላ ሰው ብትለው ኖሮ ደህና ጠብቅልኝ ማለት ብቻ በሆነ። ለዳምጤ እንደ እህልህ ያዝልኝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላሰብነውም።

እሷ ከሄደች በኋላ ክርክሩ ተነሳ፤ ባጃጇ ትሸፈን ወይስ አትሸፈን። ዳምጤ ከጭነት መኪና የወጣ ወፍራም ሸራ ገዝቶ መጥቷል። መንሱር ሸራውን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። የግቢው ዛፍ ጥላ ይበቃታል፣ የግድ ይሸፈን ከተባለም ከላይ ጣል ተደርጎ ከታች ነፋስ እንዲያልፍ ክፍት ይተው፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር ደግሞ እየተገለጠ ፀሐይ ይምታት አለ። ዳምጤ አልዋጠለትም። የቆቦ አቧራ ክፍት ነገር ሲያገኝ እንደማይምር፣ ፀሐዩ ጎማ እንደሚሰነጥቅ፣ ጣል ተደርጎ የተተወ ነገር ደግሞ ለአይጥ ቤት መሥራት ማለት እንደሆነ እየቆጠረ ነገረው። እኔም ያለኝን ሐሳብ ሰጠሁ፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ መንሱር በራሱ በዳምጤ ቃል ያዘው። የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ወዲያው እንደማይገባ እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ክዳኑ ይነሳና ይተዋል፤ ይተንፍስ ይባላል። ይህን ሲያስጠነቅቅ የኖረው ደግሞ ዳምጤ ራሱ ነው።

«ወላሂ አያ ዳምጤ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ይተንፍስ የሚሉት?» አለ መንሱር። «ብረትም ይተነፍሳል።»

«ጉድጓድ የሚተነፍሰው ሲከፈት ነው» አለ ዳምጤ። «ተደፍኖ ሳለ ተንፍሶ አያውቅም።»

መንሱር ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ሄደ። ዳምጤ ጫማውን አወለቀ።

ያን ቀን የሠራውን ሥራ ሰፈሩ ወጥቶ አይቶታል። መጀመሪያ ከባጃጇ ሥርና በውስጧ ጭድ ጎዘጎዘ። ሸራውን አጥፎ ደርቦ አለበሳት። ጠርዙን ዙሪያውን በቆፈረው ቦይ ውስጥ አስገብቶ አፈር መለሰበት። በመጨረሻ ጭቃና ጭድ አቡክቶ፣ ሸራውና መሬቱ የሚገናኙበትን ሁሉ እየዞረ መረገው። ጉንዳን የምትገባበት ቀዳዳ አልተወም። ሲጨርስ ቆም ብሎ አየውና «አሁን ትተኛ» አለ። ዳምጤ ባጃጅ ቀበረ ብለን ሳቅን፤ ለቅሶ መድረስ አለብን ያለም ነበር። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር። አደራን ከዚህ በላይ እንዴት አድርጎ ይጠብቃል?

ክረምቱ በደንብ ዘነበ። መንሱር ባለፈ ባገደመ ቁጥር አንድ ቀን እንክፈታት ይላል፤ ዳምጤ የተደፈነ ነገር ለማየት ተብሎ አይከፈትም ይላል። ሸራው ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ምርጊቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ዳምጤ ጭቃ ይዞ ይደርሳል። ሚስቱ ማናለብሽ እኔ ስታመም እንዲህ አልተነሳም ብላ ታሾፍበት ነበር።

መስከረም ሲያልቅ ረድኤት ደወለች። እናቷ ተሽሏታል፤ በቅርብ ይመጣሉ። ዳምጤ ባጃጇን ጠርጎ ሊጠብቃት ፈልጎ ጠዋት ብቻውን ምርጊቱን አፈረሰ። ሸራውን ከአንድ ጎን ሲያነሳ ሽታው ፊቱን መታው። እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ቆመ፤ እስኪተነፍስ ጠበቀ። ከዚያ ገብቶ አየ።

ወንበሩ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። ጭዱ ጠቁሮ በስብሷል፤ ውስጡ አይጥ ወልዳለች፤ ሽቦው ተበልቷል። ለካ አይጧ ቀድሞውኑ ጭዱ ውስጥ ነበረች፤ ዳምጤ የደፈነው እሷንም ጨምሮ ነው። ብረቱ ከሥር እስከ ላይ ዝጓል። መሪው አልዞር አለ፣ ፍሬኑ አልረገጥ አለ። ያ ሰማያዊ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ በእጁ ላይ ቀረ። ከመሬቱ የወጣው ላብ መሄጃ አጥቶ ክረምቱን ሙሉ ባጃጇ ላይ ሲንጠባጠብ ከርሟል። ዳምጤ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ማናለብሽ ወጥታ ስታየው የሞተ ሰው መርዶ የሰማ መስሏት ነበር።

በአመድና በዘይት ቢፈትገው ባሰበት። ማናለብሽ ለልጅቷ አሁኑኑ ደውለህ ንገራት አለችው። እሱ ግን ሌላ ሐሳብ መጥቶለታል። ነሐሴ ላይ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ከታች ያሉ ማሳዎችን በልቶ ነበር። የእኛ ግቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጠብታ አልደረሰበትም። ዳምጤ ጆንያ ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ።

ጎርፉ የተወውን ደለል ተሸክሞ ሲመለስ ደጄ ላይ አገኘሁት። ምን ሊሆንህ ነው ብዬ ብጠይቀው ለሽንኩርት መደብ ነው አለኝ። ዳምጤ በሕይወቱ ሽንኩርት ተክሎ አያውቅም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ደለሉን በውሃ እየለወሰ የባጃጇን ጎማና ወለል ይቀባል። አፍሬ ዞርሁ።

ረድኤት መጣች። ባጃጇን ስታይ ቆማ ቀረች። ዳምጤ መሬት መሬት እያየ ጎርፍ ገባብን አላት። ማናለብሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት ገባች። ልጅቷ ባጃጇን ዞረቻት፣ ወንበሩን ዳሰሰች፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ሸራ ጠርዙን ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ መጥታ ጎንበስ ብላ የዳምጤን ጉልበት ሳመች።

«እናንተ ተርፋችኋል» አለች። «እሷ ብረት ናት።» ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው፤ የሚለው ነገር ካለ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እሱ ዝም ሲል ሸራውን ልውሰደው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ውሰጂው አላት።

ዳምጤን የገደለው ያ የጉልበት መሳም ነው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ረድኤት ደግሞ ለጠየቃት ሁሉ ጎርፍ ነው ትላለች፤ አጠገብ ያለነውም ቃሏን አላፈረስንባትም፤ ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር እየጨመረ፣ ዳምጤ የሙት ልጅ አደራ ሊያድን ጎርፍ ውስጥ እስከ አንገቱ እንደገባ ተወራ። ገበያ ላይ እንኳን እግዜር አተረፈህ ይሉታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው ሰው ማለት አንተ ነህ ብለው መረቁት፤ ዳምጤ አሜን ማለት አቅቶት አጎንብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላለት አለ። ጎርሶ ያላምጥና ይረሳዋል። የታጠቁ ሰዎች ፊት የዋሸው ውሸት አንድ ሰፈር አብልቷል፤ ይኸኛው የሱን እህል ከጉሮሮው ከለከለው። ማናለብሽ ንገራት ስትለው ካወቀች ዳግመኛ አታምነኝም ይላል።

«አሁን ስታምንህስ ምን ተጠቀምህ?» አለችው።

ኅዳር ገባ፤ ማሽላ ታጨደ፤ የጉድጓድ ወቅት ደረሰ። ዳምጤ ለጠራው ሁሉ ወገቤን አሞኛል አለ። የእኔ ደጋሊት ተወቅቶ አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ደመናም ይመላለስ ጀመር። ብሄድበት ለእኔም ወገቤን አለኝ። ቁጣ ቶሎ ይይዘኛል፣ አልደብቅም።

«ያ ደለል ሽንኩርት አበቀለ ወይ?» አልሁት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሲቀባ ያየው ሰው እንዳለ እስከዚያች ሰዓት አላወቀም ነበር። ተጸጸትሁ፤ ግን ቃል አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ገበያው መንገድ ጀመረ። እኔም ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ሆኜ ከኋላው ተከተልሁት። ነውር ነው የሚል ካለ ይበል።

ረድኤት ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሰው ባጃጅ ትነዳለች፤ በገበያ ቀን ደግሞ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ዳምጤ ስትነግድ አይቷት አያውቅም፤ በዚያ በኩል ማለፍ ትቶ ነበር። አሁን አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ሽንኩርቷ የተዘረጋው በዚያ ሸራ ላይ ነው። የሸራውን ጫፍ ረግጦ ቆሞ ብዙ አየው፤ ከዚያ እዚያው ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

«ጎርፍ አልነበረም» አላት።

ረድኤት ለአንዲት ሴት ትመዝን ነበር። መዝና ጨረሰች፣ ዘምቢሉ ውስጥ ገለበጠችላት፣ ሴትዮዋ እስክትሄድ ጠበቀች።

«አውቃለሁ፣ አያ።»

ከመቼ ጀምሮ ብሎ ጠየቃት። ከዚያው ቀን ጀምሮ አለችው። የሸራውን ጠርዝ ገልበጥ አድርጋ አሳየችው። የደረቀው ምርጊት አሁንም እንደ ቅርፊት ተጣብቆበታል፤ ጭዱ ውስጡ ይታያል፤ የጣቶቹ ፋና ጎን ለጎን ተሰምሮበታል። ደለሉን ጎማው ላይ ሲቀባ ይህን ማራገፍ ረስቶታል።

«ጎርፍ ጭድ አቡክቶ አይመርግም» አለች ቀስ ብላ። «ይህን እጅ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

ታዲያ ለሰው ሁሉ ለምን ጎርፍ ነው አልሽ አላት።

«ምን ልበል? አጎቴ ዋሸኝ ልበል?» ሽንኩርቶቹን አንድ በአንድ ታስተካክል ጀመር። «ስለ ባጃጇ አልተቀየምሁዎትም። እንደ እህልዎ ያዙልኝ ያልሁ እኔ ነኝ፤ እርስዎም እንደ እህልዎ ያዟት። ጉልበትዎን ስስም ግን አሁን ይነግሩኛል ብዬ ነበር። ማታ ይመጣሉ አልሁ፤ እሑድ ይመጣሉ አልሁ። ትንፍሽ እስኪሉ ነው ስጠብቅ የከረምሁት።»

ዳምጤ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለና አለቀሰ። ሰው እያየ ነው። ረድኤትም ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ ግን ገበያተኛ መጣ።

«ይነሱ አያ» አለችው፤ «ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠዋል።»

ይቅር ብያለሁ አላለችም። እሱም አልጠየቃትም። ለሰዉስ ምን ልበል ብሎ ሲጠይቃት ግን ያን እኔ አልናገርልዎትም አለችው።

ዳምጤ በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። ግን ጫማውን ከማውለቁ በፊት ለጉድጓዱ ባለቤት አንድ ነገር ይናገራል፤ ለሁሉም ያንኑ። የረድኤትን ባጃጅ ያበሰበስኋት እኔ ነኝ፣ ደፍኜ ነው ያበሰበስኋት፣ ጎርፍ አልነበረም፣ ደለሉንም የቀባሁ እኔ ነኝ፤ አሁንም ልድፈንልህ? ይላል። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ግን የታጠቁት ሰዎች ያን ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ሲጠይቁህ አንተን አምነን ነበር አለና ፊቱን አዞረበት፤ ጉድጓዱንም ለሌላ ሰው ሰጠ። ዳምጤ ትክክል ነው ብሎ ሄደ። ወደ እኔም መጥቶ ያንኑ ተናገረ፤ በአጥሩ በኩል እንዳየሁት እያወቀ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። እኔም ጭዱን አቀረብሁለት።

ባጃጇን መንሱር በትርፍ ሰዓቱ ይታገላታል። ሞተሩ ይድናል ይላል፤ ሌላውን ኢንሻአላህ ይላል። ዳምጤ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ይቆምና ዝገት ይፍቃል።

የመጨረሻው ጉድጓድ የተናኜ ነበር። እርሻዋን ከሚያርስላት ሰው እኩሌታዋን ተቀብላ ያኖረችው ማሽላ ነው፤ ብዙ አይደለም። ማን ይድፈነው ሲባል ረድኤት እሱው ይድፈነው አለች። ቀኑ ደርሶ ሰፈሩ ተሰብስቦ ሳለ ዳምጤ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ ገባ። ልጅቷ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አያ፣ ይህን እንኳ እንደ እህልዎ ያዙልኝ» አለች።

ሁላችንም ሳቅን፤ ማናለብሽ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ረድኤትም ፈገግ አለች። ዳምጤ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረና አልቻለም፤ አጎንብሶ ጭቃውን ማቡካቱን ቀጠለ።